ሳይሰበር ያረጀ

ከአዌቱ ድልድይ ወረድ ብዬ፣ ሸራዬ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያቃናሁት ራጂ ቢቆጠር፣
አጋሮ ደርሶ ይመለሳል ቢደረደር።

ወሬ አልጠይቅም፤ ብረት አነባለሁ።
አንዱ ስምንት ቁጥር መስሎ ከመጣ ተቆልምሞ፣
«ባጃጅ ነው» እላለሁ፣ ባለቤቱ ሳይናገር አስቀድሞ።
ሌላው እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣
«አይሱዙ ነው ይሄ። ሰውየውስ ተረፈ?»

አልዋሽም፤ በዚያ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣
በሰው መጋጨት ነው የቤት ኪራይ የከፈልኩት።
ክረምት ገብቶ ጎርፉ ጉድጓዱን ሲሸፍነው፣
«ዘንድሮም ሥራ አለ» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

አምና ከመስከረም በኋላ ሠራተኞች መጡ፤
ከአጂፕ እስከ ሆስፒታሉ በኖራ መስመር አወጡ፤
ጠርዙን በድንጋይ ከፍ አደረጉት፣ ስንዝር ከአራት ጣት።
«ስንዝር ድንጋይ ምን ሊያቆም?» ብዬ ሳቅኩበት።
ባለ ሱቁ ዘይኑ አባ መጫ ግን ተቆጣ፦
«ባጃጅ በሬ ላይ ካልቆመ ደንበኛ ከየት ይምጣ?»
(አሁን ለልጁ አንድ ፊኒክስ ገዝቶለታል፤
ሲያየኝ ግን ዛሬም ድንጋዩን ይሰድባል።)

ሲፈኔ፣ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ ከጅሬን ቁልቁለት፣
የደመወዟን ሲሶ ባጃጅ ይበላባት የነበረች ሴት፣
ፍሬኗን ይዛ ትወርዳለች፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣
ማንም ጥሩምባ ሳይነፋባት፣ ማንንም ሳትቆጣ።
ተማም በርጩማ በጀርባው፣ ሦስቱ እግር ሰማይ እያየ፤
መምህር ዳልኬ ባንድ እጁ ጃንጥላ፣ የቆመ እስኪመስል የዘገየ።
አዎ፣ ጉድለት አለው፤ አህያ ይቆምበታል፣ ሸንኮራ ይቸረቸርበታል፤
ከመርካቶ ወዲያ እንደ ድሮው ነው፣ በአላህ ይታለፋል።

እኔ ጋ የሚመጣው ግን ተለወጠ።
ስምንት ቁጥር የለም። ካቴናው የተበላ፣
ፍሬኑ ያለቀ፣ ፔዳሉ የላላ፣
ራሰ በራ ጎማ፣ የአንድ ዓመት ጠዋትና ማታ የፈጨው፣
ማንም ሳይገጨው።
ሒሳቡ ያንሳል፤ ጎማ መቀየር እንደ ቸርኬ ማቃናት አይከፍልም፤
ሚስቴ ዘቢባ ብሩን በዝምታ ትቆጥራለች፤ እኔም ቀና አልልም።

ግድግዳዬ ላይ አንድ ቸርኬ አለ፣ ከድንጋዩ በፊት በነሐሴ የመጣ፤
አባትየው «አቃናው» ብለው ሰጥተውኝ ሄዱ፤ የሚወስደው ታጣ።
አቃንቼዋለሁ። በጣቴ ብነካው ሳያንገዳግድ ይሽከረከራል፤
ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ረጅም ጊዜ ይዞራል።

ትናንት ሲፈኔ የኋላ ጎማዋን ይዛ መጣች፤ ክሩ ወጥቷል።
«ምን ሆነ?» አልኳት፣ ከልምድ።
«ምንም» አለች፣ ሳቀች። «አረጀ።»

ቃሉን ደጋግሜ አልኩት፣ ለብቻዬ፤
እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ሸራዬ፦
ሳይሰበር ያረጀ።