የደም አበጋር

መብራቱ ሄዶ መጣ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ፤
የሉባባ ይማምን ናሙና በመስታወት አንጥፌ ቆጠርኩ፤
ጎኑ ላይ እሾህ ያለው ዕንቁላል፣ አንድ፣ ሁለት... አስራ ሦስት።
እሾሁ ትንሽ ነው፤ የግራር እሾህ ግን አይበልጠውም በክፋት።

እሷ ከሀርቡ ጤና ጣቢያ ደጅ፣ የሰባት ወር ሆዷን በእጇ ደግፋ፣
ትራገብበታለች የክትትል ካርዷን ለሁለት አጥፋ።
«ደም መስጠት ፆም ያፈርሳል?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤
«ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ይቅርብሽ» ብትላት ሲስተር ዘነቡ፣ ሳቀች።

በአስር ዓመቷ ይሆናል፣ ቦርከና ዳር ስታጥብ ልብስ፣
ውሃው ከጉልበቷ ሲደርስ፣
የማይታይ እንግዳ በቆዳዋ ገባ፤ ሳያንኳኳ፣ «ቤቶች» ሳይል፤
ደም ሥሯ ውስጥ ጎጆ ወጣ፤ ሚስቱን በደረቱ አቅፎ እስከ ዛሬ ይኖራል።
አስራ ሁለት ዓመት ትዳር! ከዚህ ቀበሌ ማን ኖረ እንዲያ?
ያለ ኪራይ፣ ያለ ግብር፣ በሰው ደም ማደሪያ።

መጀመሪያ ደሟ ጮኸ። ሠራዊት ጠራ፣ ትኩሳት አነደደ፤
ብርቱካንማ ጥይት የታጠቁ ዘቦች ዕንቁላሉን ከበቡ፤ ጉበቷም ጠጠር ወለደ።
ዛሬም በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ብዙ ናቸው፤ ግን ቁጭ ብለዋል፣
ጠመንጃቸውን ታቅፈው ያንቀላፉ ይመስላል።

ደክሟቸው ነው? ተታለው ነው? እኔ የማውቀው ያገሬን ወግ ነው፤
ሰው ከሰው ደም ሲቃባ በወሎ፣ የሚጠራው አበጋር ነው፤
በገዳይና በሟች ወገን መሃል ለምለም ሣር ይዞ የሚቆም፣
«ደሙ ይድረቅ» ብሎ የሚያስጥል ቂም።
በሉባባ ሥር ውስጥም አንድ አበጋር ገብቷል፤
«ባትወዱትም ተውት፣ ቤቱ እንዳይፈርስ» ብሏል።

ከዚያ ሌላ እንግዳ መጣ፤ ግማሹ ከእሷ፣ ግማሹ ከሙሄ ወገን፤
ለዘቦቹ እሱም ባዕድ ነው።
አበጋሩ ዳግም ተነሳ፤ «ይሄኛውን ግን» አለ፣ «እንወደዋለን።»

አንድ አፍ፣ አንድ ምርቃት፤ ሌባውንም ልጁንም አሳደረ፤
ሒሳቡን ማን ከፈለ? ሄሞግሎቢኗ ስምንት ነጥብ አንድ ላይ ቀረ።

እናቶቻችን አውቀው ነው «የእንግዴ ልጅ» ያሉት።
በዚያ በር በኩል ወሬ ያልፋል፤ ትሉ ሳይሆን ስለ ትሉ የተባለው፤
ልጁ ብርሃን ሳያይ የእናቱን እርቅ ሰማው።
ነገ ጭኑ ላይ ክትባት ስትወጋው ዘነቡ፣
ዘቦቹ ይነሱ ይሆን? ወይስ «እርቅ ነው» ብለው ያስቡ?

ክኒኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። የግድግዳው አሮጌ ወረቀት «ከወለደች በኋላ» ይላል፤
አዲሱ ደብዳቤ «አሁን ስጡ»፤ የሚፈርመው ሐኪም ኮምቦልቻ ስብሰባ ሄዷል።

ውጤቱን ጻፍኩ፤ አስራ ሦስቱን ሁለት ጊዜ አከበብኩ።
«ለማክሰኞ ተመለሽ፤ እሱ ካልመጣ እኔ እደውልለታለሁ» አልኩ።
«ቧንቧችሁስ?» አልኳት። «ከጥቅምት ወዲህ አንድ ቀን ጠብ አለች» አለች፤
ቢጫ ጀሪካኗን ካጥሩ ሥር አነሳችና
ወደ ቦርከና ወረደች።