ከማስታወቂያው ጀርባ

ላሚሶ የሙጫውን ባልዲ ይዞ ቀድሞኛል፣
እኔ ወረቀቱን ታቅፌ ከኋላ።
ከፒያሳ እስከ አቶቴ ስንት አጥር ይኖራል
ስማችንን ችሎ ዝናብ የሚጠላ?

ከፊቱ ቆሮሶ ባንድ ይላል፣ በቀይ፣ በትልቁ፤
ከሥሩ «ፈንክ»፤ አታሚው ግን «ፈንጂ» ብሎ አትሞት
ሁለት መቶውን በእስክሪፕቶ ስናርም አደርን።
አንዷ ሳትታረም አምልጣናለች። የት እንደለጠፍናት አናውቅም።

ሐሙስ ማታ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት፤
ላሊሴ ትሮምቦኗን ስትዘረጋ አምፖል የምትነካበት።
ቅዳሜ ሠርግ ነው፤ የሙሽራው አጎት
«እስቲ የሚጨፈር አምጡ!» እያለ የሚያመሽበት።
(የሚጨፈር እኮ ነው። ትከሻ ትቶ ወገብ ስለጠየቀው ነው
የከበደው።)
በሳምንቱ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣
አባ ኮዳ መላጣውን ደፍቶ
መዝገብ እንደሰለቸው ዳኛ እያየን።
መግቢያ በነጻ። ጀነሬተሩ ከተነሳ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ባዶ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አለ፣
ናሁሰናይ ፊልም ሠርቶ «ሙዚቃ ስጡኝ» አለ።

ትናንት በላፕቶፕ አሳየን፣ ላሚሶ ቤት፣
ስድስታችን አንገት ላንገት ተደራርበን።
አንዲት ሴት አሞራ ገደል ቆማለች፣ ገና ሳይነጋ፣
ጀልባ ትጠብቃለች።
ጀልባው መጣ። የቀዘፈው ሌላ ሰው ነው።
አትጮህም። ሚዛኑን ታስተካክላለች፣
«ስንት ኪሎ ነው?» ትላለች።

«እዚህ ጋ» አለ ናሁሰናይ፣ «እዚህ ጋ አስለቅሱልኝ።»

መብራቴ ጣቱን ጣል አደረገ ኪቦርዱ ላይ፤
መጣች ያቺ የምናውቃት፣ የፊልም ሁሉ ዋይ ዋይ፣
የውሸት ዋሽንት ከውሸት ቫዮሊን፣
በኪራይ እንደመጣች አስለቃሽ
የሟቹን ስም ሳትጠይቅ ደረት የምትደቃ።

ልጅ ሳለሁ የጋሽ ዱካሞ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ሃምሳ ሳንቲም፣
ግድግዳው ካርቶን፣ ወንበሩ የሳጥን ጣውላ።
አንድ እሑድ ድምፅ ማጉያው ሞተ፤ ፊልሙ ግን ቀጠለ፤
ሽፍታው ያለ ኮቴ ይጋልባል።
እኛ ነን በጉልበታችን፣ በጣውላው፣
ፈረሱን የረገጥንለት፦ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።
አንዱ ጥይት ሆነ፣ አንዱ የሚንቋረር በር፤
ፈረሱ ሲወድቅ ግን፣ ማንም ሳያዘን፣
ሁላችንም ዝም።
ቤዝ የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል፣
ገመድ ሳይኖረው በፊት።

የፊልም ሙዚቃ ምሰሶ ነው፣ የቤቱ፤
እንግዳ መች አየው፣ ካልወደቀ ፊቱ?
ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ሲነቅዝ አይቻለሁ፤
ባለፊልሙ ፈርቶት፣ ትንሽ ትንሽ ዜማ
እየበሳ ሲገባው።

ይሄን ብዬ ተናገርኩ፣ ቢራ ይዤ፣ ከልክ በላይ።
ናሁሰናይ ተቆጣ፦ «ለዝምታ ነው ብር የምከፍል?»
መብራቴ አኮረፈ። ላሊሴ ስልኳን አየች።
ላሚሶ ብቻ፣ ጀልባ ላይ ያደገው፣
በሁለት ጣት ጠረጴዛውን ጀመረ፤
መታ።
ቀዛፊ ትንፋሹን የሚሰበስብበትን ያህል ቆየ።
መታ።
ሦስተኛውን ስንጠብቅ ሴትየዋ «ስንት ኪሎ ነው?» አለች፣
እሱም እጁን አነሳ።

ናሁሰናይ «እንደገና» አለ።
እንደገና አየነው። ስለ ብሩ ገና አልተስማማንም።

አሁን አቶቴ ደርሰናል፤ ማካፋት ጀምሯል፣
ላሚሶ «ምን ትጽፋለህ? አምጣው!» ይለኛል።
በጀርባው ሙጫ ሊቀባበት ነው፣ ይሄ ሁሉ ፊደል፤
ከግንቡ ተጣብቆ፣ ከስማችን ሥር ሊውል።
ይዋል። ሐሙስ ግን ኑ፣ አንድ ሰዓት ተኩል።
ፖሊስ «ፈንጂው የታል?» ብሎ ከመጣም
በሩ ላይ እንከፍልለታለን።