መስታወት

ሥራዬ ግድግዳ ማዳመጥ ነው።
ማርሴይ፣ ከወደቡ ሽቅብ፣ ቤት በቤት ላይ ተደግፎ ካረጀው ሰፈር
ደረጃ እወጣለሁ፣
ስንጥቅ እፈልጋለሁ፣
ስስ የመስታወት ቁራጭ በላዩ አጣብቄ
ቀን ጽፌበት እሄዳለሁ።
በሙያችን ቋንቋ «ምስክር» ይባላል።
ቤቱ እንደቆመ ከቆየ ዝም ይላል፤
ቤቱ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል።
ሌላ ቃል አያውቅም።

ስሜ ሞይናኤሻ ነው።
አባቴ ከኮሞሮ ደሴት በመርከብ ሲሻገር
ውሃ ሳያስነካ ያመጣው አንድ ነገር፣
የእናቱ ስም።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤
መልአክ ያውጣው፣ ያሳጠረው ግን ሙሴ ቴቭናን ነው።
በሦስተኛው ቀኔ «ለደንበኛ ምላስ ይከብዳል» አለና
በፈገግታ ቆረጠው፤ ቀረሁ ሞና።
በበሬ ላይ ሞና፣ በደብዳቤ ሞና፣
በልደቴ ኬክ ላይ በክሬም ተጽፌ፣ እንደገና ሞና።
ደግሞም በላሁት።

ጠጉሬን በጋለ ብረት አስተኛሁት፣
የሰፈሬን ቅላጼ ከምላሴ ጫፍ አጠብኩት፣
እቤት ደረጃ ለደረጃ የሚንከባለለውን ሳቄን
በሻይ ማንኪያ ለካሁት።
«ከየት ነሽ?» ሲሉኝ፣ «ከአሥራ አምስተኛው ወረዳ።»
«አይ፣ ማለቴ... ከመነሻሽ?»
ከመነሻዬማ በአውቶቡስ ነው፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል።
ይህንን ግን በልቤ ነው ያልኩት።

ጥር ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮኮ ራምላቲ በሯን ከፍታ
«ጄጄ?» አለችኝ፣ ደሴቷን ሙሉ ባንዲት ቃል ዘርግታ።
መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከጥርሴ በፊት የበቀለ ነው።
ግን ሙሴ ቴቭናን ባትሪ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል፤
«ቦንዡር፣ ማዳም» አልኳት።
ዓይኗ ውስጥ አንድ በር ተዘጋ፣
ድምፅ አልነበረውም።
ምስክሬን ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩ። ቀን ጻፍኩ። ወጣሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ብቻዬን ተመለስኩ።
መስታወቱ ለሁለት ተከፍሏል፤
ንጹሕ ስብራት፣ ያልተንተባተበ ዓረፍተ ነገር።
«ማክሰኞ ሌሊት ነው» አለችኝ በፈረንሳይኛ፣ አንገቷን አዙራ፤
«ጥርሴ የተሰበረ መስሎኝ አፌን ዳበስኩ።»

«አደገኛ» ብዬ ጻፍኩ።
ሙሴ ቴቭናን አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፤
«ይሄ ቃል ከብዷል፣ ‹በክትትል ላይ› እንበለው።
ባለቤቱ የቆየ ደንበኛችን ነው።
አንቺ ደግሞ ጎበዝ ነሽ፣ ሞና፤
በሚያዝያ ቋሚ እናደርግሻለን።»
ስሜ ረዝሞ ነበር፣ አሁን ቃሌ ከበደ፤
መቀሱ ያው ነው፣ አንዴ እጁን ለመደ።

መጸዳጃ ቤት ገባሁ። እዚያም መስታወት አለ።
የሚሰበረውም የሚያሳየውም በአንድ ስም ነው የሚጠራው።
ፊቴን አየሁት፤ ፈገግታዬ እንደተለጠፈ ነው፣
ቀን ግን አልተጻፈበትም።
ከመቼ ጀምሮ?
ቢሰበርስ ማን መጥቶ ያነበዋል?

ተመልሼ ቃሉን ባለበት ተውኩት።
ከሥሩ ሙሉ ስሜን ፈረምኩ፤ ሞይናኤሻ ምሳይዲዬ።
ሁለተኛው ፊደል ላይ ብዕሬ ተንገዳገደ፣
እጄ ረስቶት ነበር መሰል።

ቤቱ ታሸገ። ሃያ ሦስት ሰው ሻንጣውን ይዞ ወጣ።
ኮኮ ራምላቲ ፍራሿን አቅፋ ደረጃው ላይ፣
«አንቺ ነሽ!» አለች፣ ይሄኔ በቋንቋችን፤
«የአርባ ዓመት ቤቴን በመስታወት ስባሪ ነጠቅሽኝ!»
አልመረቀችኝም። የማን ልጅ ነሽ አላለችኝም።
የፍራሹን ሌላ ጫፍ ያዝኩ።
«ንጄማ» አልኳት፣
ሰባት ሳምንት የዘገየ መልስ።
ሦስት ፎቅ ወረድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ማናችንም ሳንናገር።

ሚያዝያ ገና ነው።
በሬ ላይ አሁንም «ሞና» ይላል።
ትናንት ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ
ጠርዙን በጥፍሬ ልልጠው ሞከርኩ፤
ሙጫው ጠንካራ ነው።