አትያዘው

ጦሳ ጉም ሳይለብስ ዳሌዬ ያውቀዋል፤
ዝናብ ከደላንታ ሲነሣ ይሰማዋል።
ጎረቤቴ ወርቄ ልብሷን ልታሰጣ
በአጥሩ ብቅ ብላ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣
«ሃምሳ አለቃ ሙሔ፣ ይዘንብ ይሆን ወይ?»
ዳሌዬን ዳብሼ፣ እንደ ካርታ እያየሁ፣
«አታስጪ» እላለሁ።

እዚያ ውስጥ አንዲት አለች፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣
ሐኪም የፈራት ብረት፣ ከነርቭ ጋር የምትውል።
ከእኔ ጋር ጡረታ የወጣች፤ ልዩነቱ፣
ቀለቧን የምከፍል እኔ ነኝ፣ በየሌሊቱ።

ፊት ክኒን ነበር። መጀመሪያ ግማሽ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣
ከዚያ ከሰኞ ገበያ ጀርባ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት፣
በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሸጥ እንቅልፍ።
ሕመሙን አልገደለው፤ አስተኛው፣ እኔን ግን በእጥፍ።
የልጄ የዘሐራ ኒካህ ቀን፣ ከአማቾቿ ጎን ተቀምጬ፣
ከንፈሬ ላይ ዝንብ አርፎ፣ ዝም ብዬ አፍጥጬ።
ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ።
ዝንቡም አለ።

ያኔ ነው ሐኪሙ በወር በወር እያስቀነሰኝ
ክኒኑን የተውኩት። ሕመሙ ግን አልተወኝ።

ከሆጤ ሜዳ በላይ የቆርቆሮ ክፍል፣ ስድስት ፍራሽ፤
ማክሰኞና ዓርብ።
ሲስተር ጦይባ፣ እኔ ስቆስል ገና ያልተወለደች፣
እንደ ወሎ ልጅ ሁላችንንም «አንተ» እያለች፣
«አብሽር» ትላለች። «ዓይንህን ክደን።
አየር ሳብ፤ አራት ቁጠር፤
ያዘው፤
ቀስ ብለህ ልቀቅ።»

አስር አለቃ ደርብ፣ አንድ እግሩ የሌለ፣
የሌለው ጣቱ እንደሚያሳክከው በኪዳነ ምሕረት የሚምል፣
ደቂቃ ሳይሞላ ያንኮራፋል።
እኔም ሳብኩ። አራት ቆጠርኩ።
«ያዘው» አለች።

ያዘው።
ይህን ቃል ከእሷ በፊት ሌላ ሰው ብሎኛል።
ማሰልጠኛው አቧራ ላይ፣ በደረቴ ተኝቼ፣
አሰልጣኙ ከጆሮዬ ሥር፦
ሳብ። ግማሹን ልቀቅ። ያዘው።
በልብህ ምትና ምት መካከል፣ አሁን።
ስንት ዓመት ትንፋሼን የያዝኩት
የሌላ ሰው ትንፋሽ ለማቋረጥ ነበር።
ፍራሹ ላይ ሌባ ጣቴ ብቻዋን ታጠፈች።
ቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ፣ ዝናብ አልመሰለኝም።

ተነሥቼ ጫማዬን ፈለግሁ።
ተከትላኝ ወጣች። ምን ሆንክ አላለችም።
ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ ከታች ልጆች በጭቃ ኳስ ይለጋሉ።
ነገርኳት። ለሚስቴ ያልነገርኩትን፣
ለሼኹ ያልነገርኩትን፣
በጣቴ እያሳየሁ።
ከንፈሯን አልመጠጠችም። ቆይታ፣ ቆይታ፣
«እንግዲያው አትያዘው። ሲገባ ይግባ፣ ሲወጣ ይውጣ፤
የመያዝ ትእዛዝ ከዛሬ ተሽሯል፣ ያዘዘህም ይምጣ!»
ሳቅሁ።
ሳቁ ዳሌዬን ወጋኝ። ቢሆንም ሳቅሁ።

ቅዳሜ ከደርብ ጋር ሐርቡ እንወርዳለን፤
ሐረጎ በየኩርባው ዳሌዬን በስሙ ይጠራዋል።
ፍልውሃው ዳር ደርብ እግሩን ይፈታል፣
ድንጋይ ላይ ያቆመዋል፣
«ንቃ!» ይለዋል፣ ዘብ እንደሚያቆም።
እስከ አንገታችን እንገባለን። ብረቷ ትሞቃለች።
«ተሻለህ?» ይለኛል።
«ሕመሙ ያው ነው» እለዋለሁ፤ «ቤቱ ግን ሰፋ።»
«የእኔስ ቤት ግድግዳው ጎድሏል» ብሎ
ውሃ ይረጨኛል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁንም እነቃለሁ፤
ብረቷ ቀለቧን ስትጠይቅ እሰማለሁ።
ግድግዳውን ተደግፌ፣ ሚስቴን ሳልቀሰቅስ፣
ሳብ።
ልቀቅ።
በመካከሉ ምንም የለም።
ማንም አይወድቅም።