አሥራ ሦስተኛው ካሴት

በቴምር ካርቶን ሥር ከጅቡቲ መጡ፣
ፊናንስ ሳያያቸው ከለገሀሬ ወጡ፤
አሥራ ሁለት ካሴት፣ ጥቁር፣ ስም የሌላቸው፣
በእስክሪብቶ ቁጥር ብቻ ጀርባቸው ላይ ያላቸው።

የአዴ ፈቱም ሳሎን፣ መግቢያው ሃያ አምስት ሳንቲም፣
ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ዱቤ የለም ለማንም።
ማራገቢያው አንድ ነበር፣ እሱም ለቴሌቪዥኑ፤
እኛ እንቅለጥ፣ ምን አለበት፣ እንዳይግል ብቻ ማሽኑ።

ተከታታይ ፊልም ነው። ግን በምን ቋንቋ ነው?
የመጋላው ዐረብ አዳምጦ፣ "የኛ አይደል፣ የሩቅ ነው።"
ሽማግሌው ግሪክ መነጽሩን ጠርጎ፣ "እኔም አላውቀው።"

ያኔ ሮብሌ ተነሣ፤ በሱማሌኛ ዝናብ ነው ስሙ፤
የባቡሩ ኮንትሮሎር፣ ቲኬት ሲበሳ ያለፈ ዘመኑ፤
ከነቆቡ፣ ከነመብሻው፣ ከስክሪኑ አጠገብ ቆመና፣
"ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ሰው" አለ፣ "ይኼ ምን ያቅተውና!
ቋንቋ ሁሉ ሐዲድ አይደል? አንድ ቦታ ይገናኛል፤
ያልገባኝ ጣቢያ ቢኖርም፣ ባቡሩ እንደሁ ይደርሳል።"

ከዚያ ማታ ጀምሮ
የሴትየዋ ድምፅ የሮብሌ፣
የፖስተኛው ድምፅ የሮብሌ፣
የበሩ ሲጥሲጥታ፣ የውሻው ጩኸት የሮብሌ።
ስምም እሱ ሰጣቸው። ሴትየዋን ራውዳ አላት፣
በብስክሌት ዳገት ወጥቶ ደብዳቤ የሚያደርስላት
ተኮላ ሆነ። ውሻው ስም አላገኘም።

ነጭ ነገር ከሰማይ ወርዶ ጣራ መንገዱን ሞላው፣
"ምንድነው?" አለ ኢድሪስ፣ ላቡ አገጩ ላይ እያቆረው።
ሮብሌ ትንሽ አሰበ። የአሳልን ሐይቅ ያውቃል።
"ጨው ነው" አለ፣ "እዚያ አገር ከላይ ይወርዳል።"
"ታዲያ ለምን ድሃ ሆኑ?"
"ሁሉ ጨው ካለው ማን ይገዛል!"

አሥራ ሁለት ሐሙስ አለፈ። የመጨረሻው ሊያልቅ ሲል
ተኮላ ከብስክሌቱ ወደቀ፣ ራውዳ በሩን ስትከፍል፣
ደብዳቤው ጨው ውስጥ ጠለቀ፣ እጇን ሰደደች፣ እና
ስክሪኑ ላይ ዝናብ ብቻ።
"አሥራ ሦስትስ?"
አሥራ ሦስት የለም።
ምናልባት አይሻ ወርዷል፣ ምናልባት ደወሌ ቀርቷል፣
ምናልባት ፊናንሱ ቤት ነው፤ ሚስቱ ብቻዋን እያየች
ማንም ሳይተረጉምላት ታለቅሳለች።

በአሥራ ሦስተኛው ሐሙስ እንደ ልማዳችን ሄድን፣
ሃያ አምስት ሳንቲማችንን ከፍለን ተደርድረን ተቀመጥን።
መብራት እንኳ አልነበረም።
ሮብሌ ቆቡን አቅንቶ ከጨለመው መስታወት ጎን ቆመ፣
ጉሮሮውን ጠራረገና ተረጎመ፣ ተረጎመ።

ዛሬም ኢድሪስ ይምላል፤ ወላሂ፣ የራውዳ ቀሚስ
በመጨረሻው ክፍል ቢጫ ነበር ይላል።
አረንጓዴ ነው እለዋለሁ። ሁለታችንም ድምፅ እናነሣለን።
የፈቱም ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር።

ሮብሌ ሞተ። ፈቱም ልጇ ዘንድ ሄደች።
ደቻቱ በነሐሴ ሌሊት ተነሥቶ ስንቱን ሰው ይዞ ሲሄድ
ካሴት ማን ያስባል? ብቻ ሲነጋ፣ አሸዋው ሲራገፍ፣
ከቆርቆሮ ሥር አንድ ተገኘች። ቁጥር ሰባት።

አምና ደግሞ አንድ መሐንዲስ ሲሚንቶ ፋብሪካ መጣ፤
ሲያወራ ጆሮዬ ቆመ፤ ያ ቋንቋ ነው! ከአፉ የወጣ።
ቤቴ ወስጄ አሳየሁት። እያላበው እስኪያልቅ አየ።
"የፍቅር ፊልም አይደለም" አለኝ።
"ሴትየዋ ዳኛ ናት። ሰውየው የሚያመጣላት
የወንዝ ውኃ ክስ ነው። መንደሩ ነው የሚጣላው።
ይኼን ፊልም እኛ አገር አንድ ሰው አያስታውሰውም፤
እኔም ዛሬ ገና አየሁት።"

"አቦ፣ ተሳስተሃል!" አልኩት።
በንዴት ሻዩ ደፋብኝ።
ነጩን ነገር በጣቴ አሳየሁት፤ ጨው እንደሆነ ነገርኩት።
አልሳቀም።
ዝም ብሎ ቆየና፣ ማጥፊያውን ስጫን፣ ቀስ ብሎ
"መጨረሻውስ?" አለ።

ተነሣሁ። ከጠፋው ስክሪን አጠገብ ቆምኩ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ቆብ እንኳ የለኝም።