ተረከዝ

ጠባሴ፣ ከባንኩ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖት፣ የለም የሚታይ ሰማይ።
ውጪ ነፋሱ ነው፣ ፊት የሚልጥ እንደ ሽንኩርት፤
ውስጥ የሞቀ ፎጣ፣ ሎሚ፣ ማርና እርጥብ እሬት።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤
የከተማውን ሰው በእግሩ ነው የማውቀው፣ እንጃ ፊቱን ብትሉኝ።
ፖሊሱን በጥፍሩ፣ መምህሯን በጣቷ፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካዋን ልጅ ቆማ ባበጠው ባቷ።
ሁሉም ጫማ ሲያወልቅ «ይቅርታ» ይለኛል፤
እግር ይዞ መምጣት በደል ይመስለዋል።

ምክር አይጠፋኝም፦
«ውሃ ጠጡ፣ ባይጠማችሁም፤ ብርድ አገር ጥም ይደበቃል።
ፊታችሁን በፍል ውሃ አትታጠቡ፣ ቆዳ እንደ ቋንጣ ይደርቃል።
ፀሐይዋን ቀዝቃዛ ናት ብላችሁ አትናቋት፣
ሳትሞቅ ነው የምታቃጥል፤ ባርኔጣ አድርጉላት።
ከንፈር አትላሱ፤ ምራቅ ውሸታም ነው፣
አርጥቦ አርጥቦ ነው የሚሰነጥቀው።
እርድ በማር ለፊት፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤
ከዚያ ካለፈ ቢጫው አይለቅም፣ ሠርግ ላይ ያሳፍራል።
እንቅልፍ...» እዚህ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤
ስምንት ሰዓት ተኙ የምል እኔ፣ አምስት እንደተኛሁ አውቃለሁ።

በጥር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ሴቶች መጡ፤
አንዷ ገባች፣ ሌላዋ ቆሙ፣ ምንጣፉን ሳይረግጡ።
ትንግርት ሙሽራ ናት፣ ሠርጓ አራት ቀን ቀርቶታል፤
እናቷን፣ እማማ አመለወርቅን፣ አውቶብስ በሌሊት
ከመሐል ሜዳ አምጥቶልናል።
«ለእኔ ፊት፣ ለእሷ እግር፤ ከፍያለሁ ሙሉ።»
«ገንዘብ ለእግር ይከፈላል? ኧረ ልጄ!» አሉ።
አምስቴ «ተይኝ» ብለው በስድስተኛው ተረቱ፣
የፕላስቲክ ጫማቸውን ከወንበሩ ሥር ከተቱ።

ተረከዛቸውን አየሁ፦ የመጋቢት መረሬ።
ከአንዱ ስንጥቅ ውስጥ ወጣች፣ ያደረች የገብስ ፍሬ።

«ይቅርታ» አላሉኝም። አስጎበኙኝ እንጂ፦
«ይሄ የአጨዳ ነው፣ ሌሊት ውርጭ የረገጥኩት፤
ይሄኛው ባሌ ሲሞት፣ አርባ ቀን ጫማ የጠላሁት፤
ይሄ እንኳ ሲብስብኝ ጧፍ አንጠባጥቤ ደፈንኩት፣
ያም እንቢ ሲል በመርፌ ነው፣ በጥቁር ክር የሰፋሁት።»

«ሃያ ደቂቃ ይዘፍዘፍ» አልኩ፤ አምስት ሳይሞላ አንኮራፉ፣
አገጫቸው ደረት ነካ፣ ትንሽ ተከፈተ አፉ።
ትንግርት እርድ ተቀብታ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፦
«በቀን ስትተኛ... አይቼ አላውቅም» አለች በለሆሳስ።

አለቃዬ በሩን ገፋች፦ «ቀጣይዋ ደርሳለች!»
ጣቴን ከከንፈሬ አደረግኩ። ቆማ አየች። ሄደች።
ውሃው ሲቀዘቅዝ ለወጥኩ፤ ደግሞ ለወጥኩ፤
ድንጋዩን ሳላነሳ፣ እግር ይዤ ተቀመጥኩ።
(የሙሽራዋን እርድ ረሳሁት።
ቢጫው ለሠርጉ ደረሰ፣ ኋላ ፎቶዋ ላይ አየሁት።)

ሲነቁ፦ «ምን አደረግሽኝ?»
«ምንም። ተኙ።»
«እንዲህ ከሆነማ ይከፈልበት!» ብለው ሳቁ።
ቀጥሎ እጄን ያዙት። ሳሙናው የበላው፣
አሴቶን የላጠው፣ ፎጣ ስር የምደብቀው።
«ያንቺንስ ማን ይዘፍዝፍ?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም።
ለሙሽራዋ ራስ ያመጡትን ለጋ ቅቤ ፈቱ፣ አልጠየቁኝም፤
ጣት በጣት አሹልኝ፣ ጥፍሬ ሥር ድረስ፣
እንደ ሊጥ ሳይሆን፣ እንደ ሕፃን፣ በቀስ።
«ማታ ቀቢና ካልሲ አጥልቂበት።»
«ለእጅ?»
«ብርዱ መቼ እጅና እግር ለየበት?»

ከሰዓት የመጣችው ደንበኛ፣ ትራሱ ላይ ጋደም ብላ፣
ጣቴን አሸተተች፦ «ምንድን ነው? የፈረንሳይ ነው መሰል!»
«የመሐል ሜዳ ነው» አልኳት፤
«ውሃ ጠጡ፣ ፀሐይ ተጠንቀቁ» ልል ነበር፤ ተውኳት።
ዓይኗን ጨፍናለች።
አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንኮራፋች።