ሙላ

ከሙርሲያ በስተምዕራብ፣ ከግራጫው ኮረብታ ስር፣
ሙላ ይሉታል ወንዙን፣ ከተማይቱን ጭምር።
ለእነሱ ስም ብቻ ነው፣ ማንም ትርጉሙን አይጠይቅ፤
እኔን ግን በሰማሁ ቁጥር፣ ይቀድመኝ ነበር ሳቅ፤
ትእዛዝ ነዋ በአማርኛ!
ሙላ ቢሉት የማይሞላ፣ ምን ያለው ወንዝ ነው እልኸኛ።

ሂኔስ አይስቅም። ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣
ደብተር በብብቱ ሸጉጦ፣ ከድልድዩ ስር ይንበረከካል ለአፍታ።
ምሰሶው ላይ ነጭና ጥቁር፣ የተሰመረ ሜትር አለ፤
ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረ፣ እሱኑ እያስተዋለ።
ሰኞ ዜሮ፣ ማክሰኞ ዜሮ፤
ረቡዕ አንድ ጣት እርጥበት፤ ሐሙስ ተመልሶ ዜሮ—
ክቧን እንኳ ይስላታል፣ እንደ ሎሚ አሳምሮ።
«ባዶም ቢሆን ልክ ነው» ይላል፣ «ካልጻፍኩት ማን ያምነኛል?
ነገ አንዱ ሹም ይመጣና፣ ‹ውሃ ነበረ› ይለኛል።»

ፉዌንሳንታ ከማዶ፣ አፕሪኮት የተከለች ናት፤
ዓርብ ሌሊት ነው ተራዋ፣ የቦዩ ውሃ ሲደርሳት።
ድሮ አራት ሰዓት ነበር። ዘንድሮ አርባ ደቂቃ።
ፋኖስ ይዛ ትቆማለች፣ ከእንቅልፏ ቀድማ ነቅታ፣ ጠብቃ።
ጎረቤቷ ጉድጓድ ቆፈረ፣ መቶ ሜትር፣ ሁለት መቶ፤
ያወጣው ውሃ ጨው ሆነና፣ ዛፉን ገደለ አጠጥቶ።
ሐምሌ ሲገባ ሰውነቴ፣ ዝናብ ብሎ ይጠብቃል፤
እዚህ ግን በሐምሌ፣ ድንጋይ ይሰነጠቃል።

ከዚያ በጥቅምት፣ አንድ ማታ፣
ሰማዩ የዓመት ቀለቡን፣ ዘረገፈው ያለ ፋታ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ይባል ነበር በእኛ ቤት፤
ይሄ ግን እያጓራ መጣ፤ አያውቅም ሳቅ፣ አያውቅም ተረት።
ኮረብታው እርቃኑን ነው፣ የሚይዝለት ሣር የለው፤
አፈሩን ከነጠጠሩ፣ ወደ ሴጉራ ሰደደው።
ሙላ ሞላ።
ቦዩን ሰብሮ፣ የፉዌንሳንታን ግማሽ ማሳ በላ።

ጎህ ሲቀድ ሂኔስ ወረደ፣ ደብተሩ በብብቱ እንዳለ፤
ምሰሶው ቆሟል። ሜትሩ ግን፣
ሜትሩ ከውሃው ጋር ኮበለለ።
ቆሞ ቆሞ፣ ከቁጥሩ አምድ፣
የወንዙን ስም ጻፈ፤ «ሙላ» ብሎ ብቻ።
በትከሻው ላይ አየሁና፣ «ሞላ» በል ልለው አሰብኩ፤
ከ«ሙ» እስከ «ሞ» ስንት ዓመት ነው?
አልነገርኩትም። ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጭቃው ተሰነጠቀ። ሂኔስ አዲስ ሜትር ቸነከረ፤
ክቧን ዞሮ ዞሮ ሳላት፣
ጫማው ሳይርስም ወንዙን ተሻገረ።